አሮጌው ኮምፒውተራችሁ አፕግሬድ ይደረግ ወይስ ይቆይ? ደረጃ በደረጃ የሚወሰንበት መንገድ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቷ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ጠዋት ደጃቸው ላይ ሰው ይሰለፋል። ፋይዳውን የሚያሳትም አለ፤ የቤት ካርታ ኮፒ የሚያስደርግ አለ፤ ሲቪ የሚያስጽፍ አዲስ ምሩቅ አለ። አንዱ ፍላሽ ያቀብላቸዋል፣ ሌላው በቴሌግራም ይልክላቸዋል። ሁሉም የሚያልፈው በአንድ ኮምፒውተር በኩል ነው። እሱ ላይ የተጫነው ደግሞ ዊንዶውስ 7 ነው።

ባለፈው ሰሞን ወረቀት ላሳትም ስገባ «ልጄ፣ ይሄን ኮምፒውተር አፕግሬድ ላስደርገው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። በአንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ግማሽ ሰዓት ያህል ስጠይቃቸው ቆየሁ። ይህ መመሪያ የዚያን ቀን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የያዘ ነው። ኮዬ ፈጬም ሁኑ ጀሞ፣ ለገጣፎም ሁኑ ሰበታ፣ ዕድሜው የገፋ ኮምፒውተር ካላችሁ እየተከተላችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ውሳኔው የሚወጣው ከኮምፒውተሩ ዕድሜ አይደለም፤ በውስጡ ከሚያልፈው ነገር ነው። ኢንተርኔት ገብቶ የማያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ማሽን ብዙም አያሳስበኝም። የሰው ሰነድና ገንዘብ የሚያልፍበት፣ ግን ማስተካከያ የማያገኝ የስምንት ዓመት ማሽን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ድጋፉ ቆመ ሲባል ምን ማለት ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፉን ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ቆመ። የ8.1 ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሳል። ይጽፋል፣ ያትማል። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ነው። የቆመው የደህንነት ማስተካከያው ነው። በየወሩ ሌባ ሊገባባቸው የሚችል አዳዲስ ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ ድጋፍ ያለው ሲስተም ይደፈንለታል፣ ድጋፍ የሌለው ክፍቱን ይቀራል። ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ለአዲሱ ዊንዶውስ ማስተካከያ ሲወጣ ሌቦች ማስተካከያውን ራሱን ያጠኑታል። ምን እንደተደፈነ ካወቁ በኋላ ያው ቀዳዳ በአሮጌው ውስጥ መኖሩን ይፈትሻሉ።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውሳችሁ። ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር በአንድ ጊዜ ወደ 150 አገሮች ተሰራጨ። ፋይል ይቆልፋል፣ ለመክፈት ገንዘብ ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር ያሉ ሆስፒታሎች የታካሚ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ቫይረሱ ሰው ምንም ሳይነካ በኔትወርክ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይዘልላል። የሚያሳዝነው ግን ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን መውጣቱ ነው። ጊዜ ወስዶ የጫነ ሰው ተረፈ።

«አንቲቫይረስ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ አገኛለሁ። አንቲቫይረስ ይረዳል፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም የዊንዶውሱን፣ ቀዳዳ ግን አይደፍንም።

ደረጃ 1፦ ምን እንዳላችሁ እዩ

ዊንዶውስ 7 ላይ «ኮምፒውተር» የሚለውን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ «አባውት»። አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠን፣ 32 ቢት ወይስ 64 ቢት መሆኑን።

የፕሮሰሰሩ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-6300ዩ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው። አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው። አይ5-10210ዩ አሥረኛ ነው። ገበያችን ውስጥ ዩዝድ ሆነው ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ፣ ጂ4 ሰባተኛ፣ ጂ5 በአብዛኛው ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ሌኖቮ ቲ480ም በአብዛኛው ስምንተኛ ነው። መዳፍ ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ብቻ አትመኑ። ስቲከር ይቀየራል፤ ከስክሪኑ ላይ አንብቡ።

እግረ መንገዳችሁን የላይሰንሱን ሁኔታ እዩ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «አክቲቬሽን» አለ። «በዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። «በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት» የሚል ሆኖ ኮምፒውተሩ የግላችሁ ከሆነ ግን በክራክ (ላይሰንስ ሳይገዛ በሚያስከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም) የተከፈተ መሆኑ አይቀርም። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ደረጃ 2፦ ምን እንደሚያልፍበት ጠይቁ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ ጠይቁ። በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳብ ይከፈታል ወይ? የሱቁ ኢሜይል አለበት ወይ? ብራውዘሩ የይለፍ ቃል ያስታውሳል ወይ? ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ ክሮም ቁጥር 109 ላይ ቆሟል። ይህ ዕትም የወጣው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘው የብራውዘር ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ብራውዘር የባንክ የይለፍ ቃል መጻፍ አልመክርም። ስልካችሁ አፕዴት የሚያገኝ ከሆነ በስልካችሁ ጨርሱት።

ቀጥሎ የሰው ሰነድ ይመጣል። እትዬ ጋ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። ዴስክቶፑ ላይ ከመቶ በላይ ፋይል ነበር። ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ። ባለቤቶቹ አሳትመው ሄደዋል፤ ሰነዱ ግን ቀርቷል። እትዬ ክፉ አስበው አይደለም፤ ማጥፋት የሚባለውን ነገር ያሰበው የለም። ግን የእኔም ፋይዳ እዚያ ውስጥ ነበር። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የሰው መረጃ በእጃችሁ ካለ መጠበቁም የእናንተ ኃላፊነት ነው። አዋጁ ባይኖር እንኳን ጎረቤት አምኖ የሰጠው አደራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የማን ፍላሽ ይገባበታል የሚለው ነው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ የለም። ኢንተርኔት የሌለውን ኮምፒውተርም የሚደርስበት በፍላሽ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የእድሩን መዝገብ የሚይዙት ዊንዶውስ 7 ባለው ላፕቶፕ ነው። ኢንተርኔት አስገብተውበት አያውቁም። «የኔ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ነገር ግን በየወሩ የመዋጮውን ዝርዝር በፍላሽ ይዘው እትዬ ጋ ያሳትማሉ። ያው ፍላሽ ተመልሶ ላፕቶፓቸው ላይ ይሰካል። ከእትዬ ማሽን ጋር በኬብል ባይያያዙም በፍላሽ ተያይዘዋል።

አራተኛው፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በኔትወርክ ተያይዟል ወይ? አንድ ፕሪንተር ለሦስት ኮምፒውተር የሚጋሩ ቢሮዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱ አዲስ ቢሆኑም ሦስተኛው ደካማ ከሆነ ሌባው በእሱ ይገባል።

መልሳችሁ ለአንዱም እንኳን «አዎ» ከሆነ፣ ባለበት መተው አማራጭ አይደለም። ለሁሉም «የለም» ከሆነ ማሽኑን ለማሳደግ ገንዘብ አታውጡ። የጋሼ ላፕቶፕ የተቸገረው በአንዱ ብቻ ነው፤ በፍላሹ። እሱ ደግሞ ያለ አፕግሬድ ይፈታል።

ደረጃ 3፦ ማሽኑ ይችላል ወይ?

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ የዲስክ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከላከል) የሚችል ማሽን እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን ይጀምራል። ኤኤምዲ ከሆነ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ያለ መሆን አለበት።

ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ማይክሮሶፍት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው፤ ይፈትሽላችኋል። ቲፒኤሙን ብቻ ለማየት «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ «ሴኪዩሪቲ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። ከሌለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ማሽኖች ላይ ቺፑ እያለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ጠፍቶ ይገኛል፤ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው።

4 ጊጋ ራም ወረቀት ላይ ይበቃል ይባላል። በተግባር ያንቃል። ዊንዶውስ 11 ልትጭኑ ከሆነ 8 ጊጋ አድርጉ። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከምንም በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ ፈጣን ዲስክ) ግዙ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ወጪ አላየሁም።

ደረጃ 4፦ ሥራችሁ አብሮ ይሻገራል ወይ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴን የሱቅ ኮምፒውተር አፕግሬድ አደረግሁ። ዊንዶውሱ አማረ፣ ፈጠነ። የሂሳብ ፕሮግራሙ ግን አልከፈት አለ። ዕትሙ የቆየ ነበር፣ የመጫኛ ሲዲውም ጠፍቷል። ግብር የሚያሳውቅበት ወር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጅ ሲጽፍ ከረመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳልጠይቅ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደረጃ አልዘልም።

በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የመጫኛው ፋይል አለ ወይ? የላይሰንስ ቁጥሩ አለ ወይ? አዲሱ ሲስተም ላይ እንደሚሠራ በዓይኑ ያየ ሰው አለ ወይ? ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሳትሞክሩ ወደ አዲስ ዊንዶውስ እንዳትሻገሩ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ ላይ ደግሞ እንዲሠራ አትጠብቁ።

የግዕዝ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ከዩኒኮድ (ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ሆኖ እንዲታይ ከሚያደርገው ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆንባችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» የሚባል ፎልደር ሙሉውን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ዋና ዋና ሰነዶችን አሁን፣ በትክክል በሚታዩበት ማሽን ላይ፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ፒዲኤፍ ሲሆን ፊደሉን አብሮ ይይዛል። የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቆየ ውል፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ እንዲህ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ።

ለአዲስ ጽሑፍ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የለመደ ሰው ኪይማን የሚባለውን ሌላ መጻፊያ ቢሞክር ጥሩ ነው። ነጻ ነው፣ ዩኒኮድ ይጽፋል፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። የጣት ልማድ ለመቀየር ግን ጥቂት ቀን ይፈልጋል። ይሄን ለጸሐፊዎቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ፕሪንተሩንም አትርሱ። የፕሪንተሩን ሞዴል ጽፋችሁ ለአዲሱ ሲስተም ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) መኖሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ እዩ።

ደረጃ 5፦ መንገዱን ምረጡ

እስካሁን የጻፋችሁት ወረቀት ከሚከተሉት ወደ አንዱ ይመራችኋል።

ማሽኑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ካሟላ አታመንቱ፤ ተሻገሩ። ዊንዶውስ 10ን በሕጋዊ መንገድ ይዘው ለመጡ ማሽኖች አፕግሬዱ በነጻ ነው። የቢሮ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ላይሰንሳቸውን ማዘርቦርዱ ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። ዊንዶውስ 10 ፕሮ ይዞ የመጣ ኤሊትቡክ ወይም ላቲቲዩድ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ክራክ አያስፈልገውም። ይህን የማያውቅ ሰው ሕጋዊውን አስፍቆ ክራኩን ያስጭናል፤ ያንገበግበኛል።

መስፈርቱን የማያሟላ ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ጥቂት ጊዜ መግዛት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት ማስተካከያ አዘጋጅቷል። ዕትሙ 22ኤች2 መሆን አለበት። በ30 ዶላር ይገዛል፤ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ለማድረግ ከፈቀዳችሁ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች ሁለተኛው መንገድ ይቀላል። «ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ሊንክ ከታየላችሁ ተጠቀሙበት። ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ በዚያ መሐል ለቀጣዩ ተዘጋጁ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ሰዎች አሁን ወደ ዊንዶውስ 10 መሄድን አልመክራችሁም። አንድ ድጋፉ ካበቃ ቤት ወጥቶ ድጋፉ ወዳበቃ ሌላ ቤት መግባት ነው። ዕቃ የማመላለሱ ድካም ብቻ ይተርፋችኋል።

መስፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫንስ? ይቻላል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የተሰናዳ ፍላሽ ፍተሻውን ያልፈዋል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ዓመታዊው ትልቅ አፕዴት ሲመጣ በእጅ መጫን ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። በጣም አሮጌ ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ ኮር 2 ዱዎ፣ ከ24ኤች2 ዕትም ጀምሮ ጭራሽ አይነሳም። ለቤት፣ ነገሩ ለሚገባው ሰው፣ እሺ። የሰው ሰነድ ለሚያልፍበት ሱቅ ግን አይሆንም።

ከዚያ ሊኑክስ አለ። ለእትዬ የመከርኩት ይሄንን ነው። ማሽናቸው ሦስተኛ ጀነሬሽን አይ3 ነው፤ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። የሚፈልጉት ግን ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ጽሑፍና ህትመት ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ያገኛል፣ ነጻ ነው፣ መልኩም ለዊንዶውስ ሰው አያስቸግርም። «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለው ዕትሙ ለደካማ ማሽን ቀለል ያለ ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፦ ለዊንዶውስ የተሠራው የሾርትከት ቫይረስ እዚያ ላይ አይነሳም። የደንበኛ ፍላሽ ሲገባ ቫይረሱ እንደ ማንኛውም ፋይል ይታያል፤ ታጠፉታላችሁ። ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከሚንት ጋር የሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስ፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ገጽ ላይ ግን መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል። አንዳንድ የካኖን ሌዘር ፕሪንተሮችም ድራይቨር ለብቻ ይፈልጋሉ።

ደግነቱ ሊኑክስ ሚንትን ሳትጭኑ መሞከር ትችላላችሁ። ፍላሽ ላይ አሰናድታችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱ። ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩ፣ ፕሪንተሩ፣ ድምፁ መሥራቱን እዩ። ካልጣማችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ እንደገና አስነሱት፤ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ነው። እትዬ ሁለት ቀን እንዲህ ሞከሩት።

የመጨረሻው መንገድ መነጠል ነው። የጋሼ መንገድ ይሄ ነው። ዋይፋዩ ይጥፋ፣ ኬብል አይሰካበት። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተው «አውቶፕሌይ» በ«ኮንትሮል ፓነል» በኩል ይዘጋ። ፍላሹ ደግሞ ሁለት ይሁን። አንዱ ከላፕቶፑ ውጭ የትም የማይሰካ የባክአፕ ፍላሽ ነው። ሁለተኛው ለማሳተም የሚወጣው ነው፤ ከውጭ ሲመለስ ጋሼ ላፕቶፕ ላይ ከመሰካቱ በፊት እትዬ ጋ ሊኑክሱ ላይ ፎርማት ይደረጋል። ፒዲኤፍ ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። እንዲህ ከተደረገ የጋሼ ዊንዶውስ 7 ባለበት ቢቆይ ቅር አይለኝም።

ስለ ክራክ

ሰፈራችን ውስጥ ፎርማት የሚያደርጉ ጎበዝ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ዊንዶውስ ሲጭኑ አክቲቬተር (ክራኩን የሚሠራውን ፕሮግራም) አብረው ይጭናሉ። አክቲቬተሩ እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። አስቡት፤ ለደህንነት ብላችሁ ባስጫናችሁት ሲስተም ላይ የመጀመሪያው ሥራ ዘበኛውን ማባረር ሆነ። አክቲቬተሩ ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። ላይሰንስ መግዛት ካልተቻለ እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ነው። ካልሆነም አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ 11 ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ የጀርባ ሥዕል አያስቀይርም፤ የደህንነት አፕዴት ግን ይወስዳል። ሕጋዊው መንገድ ላይሰንሱን መግዛት ነው፤ ገንዘቡ እስኪገኝ ግን ከክራክ ይልቅ ይሄ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ባክአፕ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ባክአፑ ከሁሉ በፊት ይሁን። ሁለት ቅጂ፣ በሁለት ቦታ። አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ከሱቁ ውጭ፣ ለምሳሌ ቤት። ከዚያ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አምስትና ስድስት ፋይል ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ፦ ዳውንሎድስ ፎልደር፣ የብራውዘሩ የይለፍ ቃሎች፣ ቅድም ያልኩት የፎንት ፎልደር። የፒችትሪ ዳታ ፎልደሩን በመገልበጥ ብቻ አይያዝም፤ በራሱ «ፋይል» ሜኑ ውስጥ ባለው «ባክአፕ» አውጡት።

የደንበኞችን ሰነድ ግን ባክአፕ አታድርጉ። አጥፉት።

ዘዴ ልጨምር። ኤስኤስዲ ልትገዙ ከሆነ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ አትጫኑ። አውልቁት፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። አዲሱን ሲስተም ኤስኤስዲው ላይ ጫኑ። አንድ ነገር ቢጎድል አሮጌውን መልሶ መሰካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የዘመዴን ኮምፒውተር እንዲህ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ያን ሁለት ሳምንት ባልተሰቃየ ነበር።

ደረጃ 7፦ መጫን

የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው። ሊኑክስ ሚንት ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። በሞባይል ጥቅል ለብቻ ማውረድ ይከብዳል፤ በደቦ አድርጉት። አንድ ሰው ጥሩ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ያውርድ፣ አንድ 8 ወይም 16 ጊጋ ፍላሽ ለብሎኩ ሁሉ ይበቃል። ማውረጃው ግን የማይክሮሶፍት ወይም የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። በቴሌግራም ቻናል የሚዞር ፋይል አትጫኑ።

መብራትን አስቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው በእርግጥ የሚይዝ መሆኑን ሶኬቱን ነቅላችሁ ፈትሹ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሰፈራችሁ መብራት የሚረጋበትን ሰዓት ታውቃላችሁ፤ ያንን ምረጡ። ሱቅ ከሆነ እሁድ ከሰዓት ጀምሩ፤ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ሲመጣ ፕሪንተሩ ተፈትሾ ይጠብቅ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሳምንት

አፕዴቱን በሙሉ አውርዱ፣ እስኪያልቅ እንደገና አስነሱ። ለዕለት ሥራ አድሚን ያልሆነ አካውንት ክፈቱ። ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ የማታውቁትን ወይም የማትጠቀሙበትን ኮምፒውተር አስወጡ። አሮጌው ማሽን ላይ ስትጽፏቸው የነበሩ የይለፍ ቃሎችን በአዲሱ ላይ ቀይሩ። ኤስኤስዲ ያስገባ ሰው አንድ ወር ጠብቆ፣ ምንም እንዳልጎደለ ሲያረጋግጥ አሮጌውን ዲስክ ይደምስስ፤ የሰው ሰነድ አሁንም እዚያ ላይ አለና።

እትዬ አሁን ማታ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት የቀኑን ፎልደር ያጠፋሉ፣ ቅርጫቱንም ባዶ ያደርጋሉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ የመጨረሻ ሥራ ቀርቷል። ወረቀት ቆርጣችሁ ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉና ማሽኑ ላይ ለጥፉ። ዊንዶውስ 11 እንኳን ቢሆን እያንዳንዱ ዕትሙ ለሆምና ለፕሮ ተጠቃሚ የሚደገፈው 24 ወር ነው፤ ዕትሙ ሲቀየር ቀኑንም ቀይሩት። የእትዬ ማሽን ላይ «ሚንት 22፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ.» የሚል ተለጥፏል። የጋሼ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በራሳቸው ቁም ጽሕፈት «ኢንተርኔት አይገባበትም። የውጭ ፍላሽ አይሰካበትም።» ይላል።